የጥጥ በረዶ

ታኅሣሥ ሃያ ዘጠኝ፣ ከምሳ በኋላ፣
አምስታችን ገባን፤ አንድ ባጃጅ ሞላ።
እኔ ከሹፌሩ ጎን፣ ግማሽ ጎኔ ውጭ፣
ሲፈን ከእናቷ ጭን እንደ ንግሥት ተቀማጭ፣
ኢዮስያስ ደግሞ ሕፃኑን አቅፎ፣
ዳር ልቀመጥ ብሎ፣ እንቢ ሲሉት አኩርፎ።
ከኮቺ ተነሥተን አዌቱን አልፈን፣
«ደረስን ወይ?» አለች በየድልድዩ ሲፈን።

ሜዳው ትናንትና በሬ የሚግጥበት፣
የሰፈር ጎረምሳ ኳስ የሚለጋበት፣
ዛሬ «የገና ከተማ» ተብሎ ተጽፎበት፣
በቆርቆሮ ታጥሮ፣ በአምፖል አሸብርቆ፣
ወረፋው ይታያል እስከ አስፋልቱ ዘልቆ።
ትኬት በነፍስ ወከፍ፣ ለሕፃን ግን ነጻ፤
ኢዮስያስን አሳጥሬ ላስገባው ብቃጣ፣
ተንጠራርቶ «አሥር ዓመቴ!» ብሎ ሊያጋልጠኝ ወጣ።

ገባን። በረዶ አለ። ጅማ ላይ በረዶ!
ባዘቶ ነው ለካ፣ ከፍራሽ ቤት ወርዶ
በጽዱ ቅርንጫፍ የተነሰነሰ፣
ነፋስ በመጣ ቁጥር ሰው ያስነጠሰ።
ሲፈን ጎንበስ ብላ አንድ እፍኝ አነሣች፤
«አይቀዘቅዝም» ብላ፣ ጣቷን እፍ እፍ አለች።

የገና አባት ደግሞ በቀይ ካፖርት ተጠቅልሎ፣
ላቡ በጆሮው ሥር ይወርዳል ኮለል ብሎ።
ፎቶ በመቶ ብር። ሲፈን ጭኑ ላይ ወጥታ፣
ጢሙን ትክ ብላ አየች፤ ሳበችው ሳታመነታ።
ነጩ ጥጥ ሲነሣ፣ ከሥሩ ሌላ ጢም፣
በሂና የቀላ፤ እኔም አላጣሁትም፦
አባ ዲጋ ነበር፣ የሰፈራችን ሰው፣
የኢዮስያስን ብስክሌት በዱቤ ያደሰው፤
ዓርብ ዓርብ በነጭ ጀለቢያ የምናየው፣
ዛሬ በሰው በዓል በቀይ ያገኘነው።
«ለሰፈር እንዳትነግር» አለኝ ዓይኑን ጠቅሶ፣
ነጩን በቀዩ ላይ መልሶ ለብሶ።
ሲፈን ግን አልከፋት። ስትወርድ በጆሮዬ፦
«እውነተኛው ጢሙ ውስጥ ነው ያለው፣ አባዬ።»

ከሁሉ በኋላ ያ ትልቁ ሽክርክሪት፣
ሲዞር የሚያቃስት፣ ቅባት ያጣ ብረት።
የቀረን ብር ለሁለት ሰው ብቻ ይበቃል።
ኢዮስያስ ሽቅብ አየ፤ «ሆዴን» አለ «ያመኛል»።
ትርንጎ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ፣
«ና!» አለችኝ እኔን፣ ከፍታ የምፈራ።
ሦስቱን ለገና አባት አደራ ሰጥተን፣
ወጣን፣ የወንበሩን ብረት ጨብጠን።
ጫፍ ላይ ስንደርስ

መብራት ጠፋ።

ስፒከሩ ዝም። አምፖሉ ዝም። ሽክርክሪቱ ዝም።
ወንበሯ ትወዛወዛለች፤ እኔ እንደሁ አልናገርም።
«ዓይንህን ግለጥ» አለች። ገለጥኩ በግድ፤
የጅሬን ጋራ ቀልቷል ፀሐይዋ ስትወርድ።
ሃያ ዓመት በእግሬ የለካኋት ከተማ፣
መዳፍ ታክላለች ለካ፣ ከላይ ስትታይ ጅማ።

ትርንጎ ግን ጋራም፣ ወንዝም አላየችም፤
ጣሪያ ትቆጥራለች፤ ቆጥራ አልሰለቸችም።
ድንገት ክንዴን ይዛ፦ «ያውልህ፣ ያውልህ!
አንሶላው ገመድ ላይ፤ ጠዋት አስገባ ብዬህ!»
ሚጢጢ፣ ነጭ ነገር፣ በነፋስ ስትበር፤
ሳቅን፤ ወንበሯም ከኛ ጋር ትስቅ ነበር።
መቼ ነው እንዲህ ሁለታችን ብቻ የተቀመጥነው፣
ያለ ልጅ፣ ያለ ድስት፣ ያለ ቤት ኪራይ ወሬ?
መብራት ኃይልን አመሰገንኩ
በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ዛሬ።

ከታች ጎረምሶች ብረቱን ይዘው፣
«ሆ!» እያሉ አወረዱን በእጃቸው ስበው፤
ከፊት አባ ዲጋ፣ ካፖርቱን አውልቆ፣
የጥጥ ጢሙ በአንድ ጆሮው ተንጠልጥሎ፣ ወልቆ።
ሕፃኑ በቀዩ ካፖርት ተጠቅልሎ ተኝቷል፤
ሲፈን ታዝዛለች፤ ኢዮስያስ ሆዱ ድኗል።

ማታ፣ በሻማ ብርሃን፣ ሲፈንን ሳስተኛ፣
ጥጧን ላስለቅቃት ብል፣ በእንቅልፏ «ቀማኛ!»
ትርንጎ ከጓሮ አንሶላውን ይዛ መጣች፤
ጤዛ ነክቶት ነበር፤ ጉንጬን አስነካች።

ቀዝቃዛ ነበር።